ዩአርቢ597 እና ጄዜድኤል184፦ ኢንዛይሙን መዝጋት፣ መዘጋቱንም ማሳየት

«ስንት ማይክሮሞላር ልጨምር?»

ይህች ጥያቄ መምጣቷን አታቆምም። ጠያቂው ይለያያል። አንዴ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ አንዴ ውጭ አገር ላብ ውስጥ ሆና የምትጽፍ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ነገሩ ግን ያው ነው። ኢንሂቢተሩ (ኢንዛይም የሚዘጋው ውህድ) በስንት መከራ ተገዝቶ መጣ፣ ሴሉ ላይ ተጨመረ፣ ምንም አልታየም። ወይም የሆነ ነገር ታየ፣ ከምን እንደመጣ ግን ማንም ሊናገር አልቻለም።

ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ቁራጭ መልስ ከምሰጥ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ የመጠኑ ቁጥር ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ በገዛ ናሙናችሁ ውስጥ ኢንዛይሙ በእርግጥ መዘጋቱን ማሳየት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ለዚያ የሚያገለግሉ ናቸው።

ምኑን ነው የምንዘጋው?

ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ሁለት ዋና ካናቢኖይዶች (ሲቢ1 እና ሲቢ2 የሚባሉትን የሴል ተቀባዮች የሚያነቁ ቅባቶች) አሉ፤ አናንዳማይድ እና 2-ኤጂ። አናንዳማይድን በዋናነት የሚሰባብረው ፋህ የሚባለው ኢንዛይም ነው። 2-ኤጂን ደግሞ ማግል። በአይጥ አንጎል ውስጥ ከ2-ኤጂ መሰባበር 85 በመቶ ያህሉ የማግል ሥራ ነው፤ የቀረውን በአብዛኛው ኤቢኤችዲ6 እና ኤቢኤችዲ12 የሚባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ይካፈሉታል።

ፋህም ማግልም ሴሪን ሃይድሮሌዝ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ሥራውን የምትሠራው አንዲት ሴሪን ናት፤ በፋህ 241ኛዋ፣ በማግል 122ኛዋ አሚኖ አሲድ። ዩአርቢ597 እና ጄዜድኤል184 እዚህች ሴሪን ላይ በኬሚካል ትስስር ተጣብቀው ይቀራሉ። ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስቲካ እንደመጠቅጠቅ ቁጠሩት። ብታጥቡት አይለቅም። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የትኛውን ልግዛ?

ለፋህ ዩአርቢ597 የተለመደው ነው። ፒኤፍ-3845 ከእሱ ይልቅ መራጭ ነው፤ ዩአርቢ597 በተለይ ጉበት ውስጥ ካርቦክሲልኤስተሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችንም ይነካል። ሥራችሁ ጉበትን ወይም የመድኃኒት መበላሸትን የሚነካ ከሆነ ፒኤፍ-3845ን ምረጡ።

ለማግል ጄዜድኤል184 ወይም ኬኤምኤል29። ሁለተኛው ፋህን ስለማይነካ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ኢንዛይም አንድ ላይ መዝጋት ከፈለጋችሁ ጄዜድኤል195 አለ።

ኤምኤኤፍፒ የሚባለውን ኢንሂቢተር እንደ ዋና መሣሪያ አትጠቀሙበት። ከሴሪን ሃይድሮሌዞች ብዙዎቹን፣ ፎስፎሊፔዝንም ጭምር ይዘጋል። «ሁሉም ሲዘጋ ምን ይመስላል?» ለሚለው ማነጻጸሪያ ግን ግሩም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመረጣችሁት ኢንሂቢተር፣ 1 ወይም 5 ሚሊግራም
- ውሃ ያልገባበት ዲኤምኤስኦ (ኢንሂቢተሩን የምናሟሟበት ፈሳሽ)፣ በትንሽ ጠርሙስ
- ትንንሽ የመስታወት ቫያሎች፣ ካልተገኙ ፕሮቲንና ቅባት የማይጣበቅባቸው ቲዩቦች
- ፒቢኤስ በፈር፣ ከፒኤምኤስኤፍ እና ከኤኢቢኤስኤፍ ነፃ የሆነ (ምክንያቱ ደረጃ 6 ላይ አለ)
- ፋቲ አሲድ የተወገደለት የከብት አልቡሚን
- ኤፍፒ-ሮዳሚን (የሚያበራ ቀለም የተሸከመ፣ የሴሪን ሃይድሮሌዞች ጠቋሚ ፕሮብ)
- የፕሮቲን ጄል ዕቃ እና ፍሎረሰንስ የሚያነብ ስካነር
- ኤምኤኤፍፒ ለማነጻጸሪያ
- የሲቢ1 ተቀባይ ማገጃ፤ ሪሞናባንት ወይም ኤኤም251
- ፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም ደረቅ በረዶ
- የናይትራይል ጓንት፣ መነጽር፣ የሚሠራ የጭስ መሳቢያ

ስካነሩ ከሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለፋህ አራኪዶኖይል-ኤኤምሲ የሚባል፣ ሲቆረጥ የሚያበራ ሰብስትሬት አለ። ፒኤች 9 ላይ፣ በ360 ናኖሜትር ብርሃን እየመታችሁ በ460 ታነቡታላችሁ። ለማግል ብዙ ሰው የሚጠቀመው 4-ናይትሮፌኒል አሲቴት ግን የሚያዋጣው የተጣራ ኢንዛይም ሲኖራችሁ ብቻ ነው። የተፈጨ አንጎል ውስጥ ይህን ሰብስትሬት የማይቆርጥ ኤስተሬዝ የለም ማለት ይቻላል። ማግል ቢዘጋም ቢጫው ቀለም መውጣቱን ይቀጥላል።

ደረጃዎች

1. ቫያሉን ቶሎ አትክፈቱ። ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ዱቄት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ተዉት። ቀዝቃዛ ቫያል ሲከፈት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ዱቄቱን ያበላሻል፣ ክብደቱንም ያዛባል። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩት። 1 ሚሊግራም እኮ ዓይን ላይ የማይሞላ ነገር ነው። ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ቀርቶ «ባዶ ቫያል ላኩልን» ብለው አቅራቢውን የወቀሱ ሰዎች አውቃለሁ።

2. 10 ሚሊሞላር ስቶክ (በኋላ የሚቀጥን ወፍራም መነሻ) አዘጋጁ። ዩአርቢ597 ሞለኪውላዊ ክብደቱ 338.4 ነው። ስለዚህ ለ1 ሚሊግራም 295 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ ጨምሩ። ጄዜድኤል184 ደግሞ 520.5 ነው፤ ለ1 ሚሊግራም 192 ማይክሮሊትር ይበቃዋል። በቫያሉ ላይ የተጻፈው ክብደት ትክክል ነው ብላችሁ ዲኤምኤስኦውን እዚያው ውስጥ ጨምሩ። 1 ሚሊግራም በወረቀት ላይ አውጥቶ መመዘን ግማሹን ለወረቀቱ መስጠት ነው። ቮርቴክስ አድርጉ። ካልሟሟ 37 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ወደ ብርሃን ያዙትና ፍርፋሪ አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

3. ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። በ10 ወይም በ20 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ ቢያንስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አኑሩት። እያንዳንዱን ቲዩብ አንዴ ተጠቅማችሁ ጣሉ። ዲኤምኤስኦ ውሃ ይጠጣል። በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ውሃ እየገባበት ስቶኩ ይቀጥናል፣ ውህዱም ቀስ እያለ ይፈርሳል። ቲዩቡ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ ቀኑን እና የማን እንደሆነ ጻፉ። «የእኔ ነው አውቀዋለሁ» የሚባል ነገር ከሦስት ወር በኋላ አይሠራም።

4. የምታቀጥኑት በዲኤምኤስኦ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 10 ሚሊሞላሩን በቀጥታ ውሃ ውስጥ አቅጥነው ከዚያ ሌላ ማቅጠኛ ይሠራሉ። ውህዶቹ ቅባት ወዳዶች ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከፊሉ ይዘቅጣል፣ ከፊሉ ቲዩቡ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሙሉውን የማቅጠን ሰንሰለት በዲኤምኤስኦ ሥሩ። ለሴል ከመጨረሻው መጠን 1000 እጥፍ የሆነ ስቶክ ይኑራችሁ። 1 ማይክሮሞላር ከፈለጋችሁ ከ1 ሚሊሞላሩ 1 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ 1 ሚሊሊትር ውስጥ ትጨምራላችሁ። ዲኤምኤስኦው 0.1 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያም በትክክል ያንኑ 0.1 በመቶ ያገኛል።

5. ቡድኖቹን በወረቀት ላይ ጻፉ። ፒፔት ከማንሳታችሁ በፊት። ቢያንስ እነዚህ ይኑሩ፦ ዲኤምኤስኦ ብቻ፣ ኢንሂቢተር ብቻ፣ የተቀባይ ማገጃ ብቻ፣ ኢንሂቢተርና ማገጃ አንድ ላይ። «ማገጃ ብቻ» የሚለውን ብዙዎች ይዘሉታል። ሪሞናባንት እና ኤኤም251 ተቀባዩን ዝም ብለው አይሸፍኑም፤ ራሳቸውም ወደ ታች ይገፉታል። ያ ቡድን ከሌለ የማገጃውን የራሱን ሥራ የኢንሂቢተሩን ሥራ የሰረዘ አድርጋችሁ ታነቡታላችሁ።

6. ናሙናውን ስታዘጋጁ ፒኤምኤስኤፍን አርቁ። ይህን ደረጃ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ፕሮቲን ስናወጣ ፕሮቲን በሊታ ኢንዛይሞችን ለመከላከል የመከላከያ ድብልቅ መጨመር ልማድ ሆኖብናል። ድብልቁ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፒኤምኤስኤፍ ወይም ኤኢቢኤስኤፍ አለ። ሁለቱም የሚያጠቁት ሴሪን ያላቸውን ኢንዛይሞች ነው። ፋህም ሴሪን አለው። በራሳችሁ እጅ፣ ሙከራው ሳይጀመር፣ ልታጠኑት የነበረውን ኢንዛይም ዘጋችሁት ማለት ነው።

እኔ በዚህ ሁለት ወር ከስሬበታለሁ። ዲኤምኤስኦ ብቻ ያገኘውም፣ ዩአርቢ597 ያገኘውም፣ ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ባዶ ነበር። ስቶኩን ቀየርኩ፣ ፕሮቡን ቀየርኩ፣ ስካነሩን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ሌላ ሰው ቀምሞ በተወው የጋራ በፈር ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፈሬን ራሴ ነው የምቀምመው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንጎሉን ወይም ሴሉን በቀዝቃዛ ፒቢኤስ በበረዶ ላይ ፍጩ። በ1,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አሽከርክራችሁ ፍርስራሹን ጣሉ። ፋህ ሜምብሬን ላይ የተተከለ ስለሆነ ከላይ የቀረውን በ100,000 ጂ ለ45 ደቂቃ አሽከርክሩና ዝቃጩን ውሰዱ። ትልቁ ሴንትሪፊዩጅ ከሌለ የመጀመሪያውን ውጤት እንዳለ መጠቀም ይቻላል፤ ጄሉ ላይ ትንሽ ይጨናነቃል እንጂ ይሠራል። የፕሮቲኑን መጠን ለኩና ወደ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር አምጡት።

ለሌላ ቀን ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ። ትንሽ ውሃ በኩባያ አቀዝቅዛችሁ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ሰምጦ ካገኛችሁት ማንም ሳያያችሁ ፍሪዘሩ ቀልጦ ተመልሷል። ዘዴዋ ግን የምትነግራችሁ ከዜሮ በላይ መውጣቱን ብቻ ነው። ሳንቲሙ ላዩ ላይ ቢሆንም ናሙናው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሲንገላታ አድሮ ሊሆን ይችላል።

7. ኢንሂቢተሩን ጨምራችሁ ጊዜ ስጡት። 49 ማይክሮሊትር ናሙና ላይ የመጨረሻውን መጠን 50 እጥፍ የሆነ ስቶክ 1 ማይክሮሊትር ጨምሩ። 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ይቆይ። እነዚህ ውህዶች መጀመሪያ ይጠጋሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይጣበቃሉ። 5 ደቂቃ ብቻ ከሰጣችኋቸው ደካማ ይመስላሉ፣ አንድ ሰዓት ከሰጣችኋቸው ኃይለኛ። ለዚህ ነው ጊዜው ያልተጻፈበት «ግማሹን ለመዝጋት ይህን ያህል ናኖሞላር» የሚል ቁጥር ዋጋ የሌለው። የእናንተን ቁጥር ስትጽፉ ደቂቃውንና የሙቀቱን ልክ አብራችሁ ጻፉ። ከሌላ ሰው ጋር ስታነጻጽሩም መጀመሪያ ደቂቃውን ፈልጉ።

በዚሁ ሩጫ አንድ ቲዩብ ላይ ኤምኤኤፍፒ 5 ማይክሮሞላር፣ ሌላው ላይ ዲኤምኤስኦ ብቻ ይግባ። ሦስተኛው ቲዩብ ከፕሮቡ በፊት በፈላ ውሃ የተገደለ ናሙና ይሁን። እዚያ ላይ የሚያበራ ነገር ካለ ኢንዛይም አይደለም፣ ቆሻሻ ነው።

8. ፕሮቡን ጨምሩ። ኤፍፒ-ሮዳሚን በመጨረሻ 2 ማይክሮሞላር፣ በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ፣ ከብርሃን ተከልሎ። ፕሮቡ የሚይዘው ሥራ ላይ ያሉትን ሴሪኖች ነው። ኢንሂቢተሩ የያዘውን ሴሪን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የተዘጋ ኢንዛይም ጄሉ ላይ ጨለማ ሆኖ ይታያል። 30 ደቂቃው ሲያልቅ ወዲያው የጄል መጫኛውን በፈር ጨምራችሁ አስቁሙት። ፕሮቡን ረጅም ጊዜ ከተዋችሁት ገና ያልተዘጋችውን ጥቂት ኢንዛይም ሁሉ ለቅሞ ይይዝና ኢንሂቢተራችሁ ያልሠራ ያስመስለዋል።

9. ጄሉን አንብቡ። 10 በመቶ ጄል ይበቃል። በአይጥ አንጎል ላይ ፋህን ከ60 እስከ 65 ኪሎዳልተን አካባቢ ፈልጉት። ማግል በ33 እና በ35 አካባቢ ሁለት ባንድ ሆኖ ይመጣል። ኤቢኤችዲ6 እዚያው ጎረቤት ነው፤ ሰው ከማግል ጋር የሚያምታታው ለዚህ ነው። ለመለየት አንድ ቲዩብ ላይ የኤቢኤችዲ6 ኢንሂቢተር የሆነውን ደብሊውደብሊውኤል70 ጨምሩ። የጠፋው ባንድ የእሱ ነው።

ዓይናችሁ የጠፋውን ባንድ ብቻ እንዳያይ። ያልጠፉትንም ቁጠሩ። ዩአርቢ597 ላይ ፋህ ብቻ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ከሆነ መጠናችሁ ጥሩ ነው። ሌላም ባንድ እየደበዘዘ ከሆነ መጠኑን ዝቅ አድርጉ። ትክክለኛው መጠን ማለት የምትፈልጉት ባንድ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት፣ ሌላ ያልተነካበት ዝቅተኛው መጠን ነው። «ስንት ማይክሮሞላር?» ላላችሁት መልሱ ይሄ ጄል ነው። መነሻ ከፈለጋችሁ ግን በትንሹ የላብ አይጥ ናሙና ላይ ለሁለቱም 1 ማይክሮሞላር ሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ታችም ወደ ላይም ሂዱ።

10. ወደ ሴል ስትገቡ። ሴረም የሌለበት ሚዲየም ተጠቀሙ፣ ወይም ሴረሙን በጣም ቀንሱ። ሴረም ውስጥ ያለው አልቡሚን ውህዱን አቅፎ ይይዘዋል፤ ሴረሙ የራሱ ሃይድሮሌዞችም አሉት። ከ1 እስከ 4 ሰዓት አቆዩና ሴሉን ሰብስባችሁ ከ6 እስከ 9 ያለውን በዚያው ሴል ላይ ድገሙ። 2-ኤጂ ወይም አናንዳማይድ ከውጭ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ፋቲ አሲድ የሌለው አልቡሚን ያስፈልጋችኋል፤ አለበለዚያ ቅባቱ ከሴሉ ይልቅ ፕላስቲኩን ይወዳል።

11. ቅባቱ መጨመሩን ለኩ። ኢንዛይሙ ተዘጋ ማለት ቅባቱ ጨመረ ማለት አይደለም። ሴሉ መጀመሪያውኑ አናንዳማይድ የማይሠራ ከሆነ ማፍሰሻውን ብትደፍኑት ገንዳው አይሞላም።

መለኪያው ኤልሲ-ኤምኤስኤምኤስ ነው፤ ሞለኪውሎችን ለይቶ በክብደታቸው የሚለካ ማሽን። ማሽኑ ከሌላችሁ ናሙናውን ቀዝቃዛ አድርጋችሁ ለሚሠራ ላብ ላኩ። በዲዩቴሪየም የተተካ የውስጥ ማነጻጸሪያ ከመጀመሪያዋ የማውጫ ጠብታ ጋር ይግባ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ሁሉ በእሱ ይካካሳል። ማሽኑ ውስጥ አናንዳማይድ ከክብደት 348 ወደ 62፣ 2-ኤጂ ከ379 ወደ 287 ሲሰበር ነው የምትከታተሉት። 2-ኤጂ በቆይታ ራሱን ወደ 1-ኤጂ ይለውጣል። ማሽኑ የሚስላቸውን የሁለቱን ጫፎች (ፒክ) ደምራችሁ አስሉ፣ ናሙናውንም በበረዶ ላይ አቆዩ።

አንጎል ውስጥ 2-ኤጂ ከአናንዳማይድ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። አናንዳማይድን ለማየት ብላችሁ ማሽኑን ስታጠብቁ 2-ኤጂ ሊጥለቀለቅ ይችላል።

12. ውጤቱ በተቀባዩ በኩል መሆኑን ፈትሹ። ፋህ አናንዳማይድን ብቻ አይደለም የሚሰባብረው። ፒኢኤ እና ኦኢኤ የሚባሉ ዘመዶቹንም ይሰባብራል፤ እነሱ ደግሞ ፒፒኤአር-አልፋ የሚባል ሌላ ተቀባይ ያነቃሉ። አናንዳማይድም ራሱ የበርበሬን ማቃጠል የምንሰማበትን ቲአርፒቪ1 ያነቃል። በሲቢ1 ማገጃ ያልተሰረዘ ውጤት ከእነዚህ በአንዱ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

የማግል ነገር ደግሞ ሌላ ነው። 2-ኤጂ ሲሰበር የሚወጣው አራኪዶኒክ አሲድ ነው። አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ትልቁ ድርሻ በዚህ መንገድ ይመጣል። ማግልን ስትዘጉ 2-ኤጂ ይጨምራል፣ ብግነት የሚያነሳሳው ፕሮስታግላንዲን ይወርዳል። እብጠትና ብግነት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያያችሁት መሻሻል ከካናቢኖይድ ተቀባይ ጋር ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ሲቢ1ንም ሲቢ2ንም አግዳችሁ ውጤቱ ካልጠፋ ፕሮስታግላንዲኑን ለኩ።

ለእንስሳ ከሆነ

የተቋማችሁ የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይኖር አትጀምሩ።

ለትላልቆቹ የላብ አይጦች የተለመደው የዩአርቢ597 መጠን 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ነው፣ በሆድ ዕቃ በመርፌ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 10 አይጦች፣ እያንዳንዳቸው 300 ግራም፣ በኪሎ 2 ሚሊሊትር። ለአንዱ 0.6 ሚሊሊትር፣ ለአሥሩ 6። መርፌ ውስጥ የሚቀር ስላለ 7 አድርጉት። መጠኑ 0.15 ሚሊግራም በሚሊሊትር ስለሚሆን 1.05 ሚሊግራም ዱቄት ያስፈልጋል። አሟሚው 5 በመቶ ፒኢጂ፣ 5 በመቶ ትዊን 80፣ 90 በመቶ ሳላይን ነው፤ ማለትም 0.35፣ 0.35 እና 6.3 ሚሊሊትር። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ዱቄቱ መጀመሪያ ፒኢጂው ውስጥ ይሟሟ፣ ትዊኑ ይከተል፣ ሳላይኑ በመጨረሻ በጠብታ እየተነቃነቀ ይግባ። ሳላይኑን ቀድማችሁ ካፈሰሳችሁ ዱቄቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ የመጀመሪያው አይጥ ውሃ፣ የመጨረሻው ድርብ መጠን ይወስዳል።

ጄዜድኤል184ን በትልቁ አይጥ ላይ ስትሞክሩ ተጠንቀቁ። የትልቁ አይጥ ማግል ከትንሹ አይጥ ማግል ይልቅ ለዚህ ውህድ አሥር እጥፍ ያህል ይደነድናል። ለትንሹ አይጥ አንድ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ መጠን 16 ሚሊግራም በኪሎ ነው። አንጎል ውስጥ 2-ኤጂ ስምንት እጥፍ ያህል ይወጣል፣ መዘጋቱም እስከ አንድ ቀን ይቆያል። ለተከታታይ ቀናት መስጠት ካሰባችሁ ወደ 4 ሚሊግራም ውረዱ። 40 ሚሊግራም በየቀኑ ለ6 ቀን ሲሰጥ የሲቢ1 ተቀባይ ራሱ ይደክማል። በስድስተኛው ቀን የምታዩት የ2-ኤጂ መብዛት ውጤት ሳይሆን የተቀባዩ መስነፍ ይሆናል።

አንጎሉን ስታወጡ ሰዓት ያዙ። እንስሳው ከሞተባት ደቂቃ ጀምሮ አናንዳማይድ እየወጣ፣ 2-ኤጂም እየተዛባ ይሄዳል። አውጥታችሁ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለመክተት አንዱን 2 ደቂቃ፣ ሌላውን 6 ደቂቃ ከወሰደባችሁ የለካችሁት ፍጥነታችሁን ነው።

ማስጠንቀቂያ

ኤምኤኤፍፒ፣ ፒኤምኤስኤፍ እና ኤፍፒ ፕሮቦች ሴሪን የሚያጠቁ ናቸው። የእናንተም ነርቭ የሚሠራበት አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ ሴሪን አለው። ዲኤምኤስኦ ደግሞ የተሸከመውን ይዞ በቆዳ በኩል ይገባል። ጓንት ይቀየር፣ ዱቄት በጭስ መሳቢያ ውስጥ ይከፈት።

እነዚህ የላብ ውህዶች ለሰው አይደሉም። «ተፈጥሯዊውን ካናቢኖይድ ከፍ የሚያደርግ» የሚለውን አንብቦ ልሞክረው ያለኝ ሰው ስላለ ነው ይህን የምጽፈው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ፈረንሳይ ሬን ከተማ ውስጥ ቢአይኤ 10-2474 የተባለ የፋህ ኢንሂቢተር ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሲሰጥ አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ። በኋላ በፕሮብ ሲመረመር ውህዱ ሌሎች ሊፔዞችንም እንደሚዘጋ ታየ። ያ ምርመራ የተሠራው ከደረጃ 7 እስከ 9 ባለው ዓይነት ዘዴ ነው።

ደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች

*«አጠብኩት፣ ግን ውጤቱ አልተመለሰም።»* አይመለስም። ተጣብቋል። ሴሉ አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ መጠበቅ ነው ያላችሁ። መመለስን ማሳየት ካስፈለጋችሁ እንደ ኦኤል-135 ያለ የሚለቅ ኢንሂቢተር ተጠቀሙ። እሱ ደግሞ ናሙናው ሲፈጭና ሲቀጥን ይለቃል፤ ጄሉ ላይ ያልሠራ መስሎ ቢታይ አትደንግጡ።

*«10 ማይክሮሞላር ጨመርኩ፣ እርግጠኛ ለመሆን።»* ጄዜድኤል184 ከጥቂት ማይክሮሞላር በላይ ሲሆን ፋህንም መንካት ይጀምራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ 2-ኤጂ ብቻ መውጣት ሲገባው አናንዳማይድም አብሮ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

*«ኤኤም251 ውጤቱን አጠፋው፣ ስለዚህ ሲቢ1 ነው።»* በማይክሮሞላር መጠን ኤኤም251 ጂፒአር55 የተባለውን ሌላ ተቀባይ ያነቃል። በሪሞናባንትም ድገሙት። ፋህ ወይም ማግል የሌላቸው አይጦችን የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ኢንዛይሙ በሌለበት ኢንሂቢተሩ ምንም ማድረግ የለበትም። ካደረገ ሌላ ነገር እየነካ ነው።

*«የሰው ሴል ላይ ፋህን ዘጋሁ፣ አናንዳማይድ ግን አሁንም ይሰበራል።»* ሰው ፋህ-2 የሚባል ሁለተኛ ኢንዛይም አለው፤ አይጥ የለውም። በአይጥ ላይ የተጻፈ አሠራር ወደ ሰው ሴል ስታመጡ ይህን አስታውሱ።

*«ቢቪ-2 ማይክሮግሊያ ላይ ጄዜድኤል184 አልሠራም።»* በቅርቡ የደረሰኝ ይሄኛው ነው፤ ቢቪ-2 በላብ የሚያድግ የአይጥ አንጎል መከላከያ ሴል ነው። ውህዱ ምንም አልሆነም፣ ልጁም ምንም አላጠፋም። ቢቪ-2 ሴል ማግል የለውም። እዚያ 2-ኤጂን ከሚሰባብሩት ዋነኛው ኤቢኤችዲ6 ነው። ደብሊውደብሊውኤል70ን ሞክር አልኩት፤ ከዚያ በፊት ግን የራሱን ሴል ጄል ላይ እንዲያይ።